ስሜን ያልጠየቀው በር

መጀመሪያ የመታኝ ሰው አይደለም፤ በር ነው።

ግንደወይን ከተማ ዳር በተከራየናት አንዲት ክፍል ውስጥ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ፣ በሩ አጠገብ ቁጭ ብዬ ነጭ ሽንኩርት እልጥ ነበር። ከውጭ የችኮላ እርምጃ ሰማሁ። ቀና ከማለቴ በሩ ከነማጠፊያው ተገንጥሎ ላዬ ላይ ወደቀ። ሰውዬው ደግሞ ወጥቶ በሩ ላይ ቆመበት። የግራ እጄ አንጓ ከሥር ሲሰበር ድምፁን ሰማሁት፤ ደረቅ ጭራሮ ጉልበት ላይ ሲሰብሩት የሚሰማውን ድምፅ ታውቁት የለ? እንደዚያ ነው።

ከሕመሙ በፊት የመጣብኝ ግን አንድ ጥያቄ ነበር። እዚህ መሆናችንን ማን ነገረው?

የዚያችን ጥያቄ መልስ ፍለጋ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። በሦስቱ ቀን ውስጥ የእኔ አጥንት ተሰበረ፤ የልጅ ልጄ ደም ፈሰሰ። ከሁሉ የከፋው ግን በገዛ እጄ ያፈሰስኩት ነው። እሱን ልነግራችሁ ነው የተቀመጥኩት።

ስሜ እታገኝ ነው። የቢቸና ልጅ ነኝ። አባቴ የቅኔ መምህር ነበሩ፤ ቤታችን በተማሪ የተሞላ ነበር። እኔ ሴት ነኝና ድርሻዬ ለተማሪዎቹ ውሃ መቅዳት ሆነ። ፊደሉን የለቀምኩት ከጎጆው ውጭ፣ እንስራዬን አውርጄ በግድግዳው ቀዳዳ እያጮለቅሁ ነው። እና መስመሬ ቢጣመም፣ ነገሬም አንዳንዴ ከመንገድ ቢወጣ፣ ቻሉኝ።

ሥራዬ ቅቤ መነገድ ነው። ቤት አለኝ፤ እግሬ ግን ቤት አይወድም። አንዱ ገበያ ሲበተን ወደ ሌላው እሄዳለሁ፤ ከቢቸና ደብረ ወርቅ፣ ከደብረ ወርቅ ግንደወይን፣ ከዚያ ሞጣ። የልጅ ልጄ ማስተዋል "እምዬ፣ አንቺ እኮ ነፋስ ነሽ" ትለኛለች። እናቷ ስትሞት ጡት ያልጣለች ሕፃን ነበረች። ያሳደግኋት እኔ ነኝ፤ በኮሌጅ ኮምፒውተር ተምራ ቢቸና ተመለሰች።

ተመልሳም ለእኛ ለቅቤ ነጋዴ ሴቶች በስልክ የሚከፈት አንድ ገጽ ሠራችልን። ነገሩ ቀላል ነው። የደረስንበት ገበያ ላይ ሆነን "ደርሻለሁ" የሚለውን አረንጓዴ ምልክት እንነካለን። ያለንበት ቦታ ለማስተዋል ይታያታል፤ ቅቤ ሰብሳቢው መኪና ወዴት እንደሚታጠፍ እሷ ትነግረዋለች። የሁላችንን ቦታ የምታየው እሷ ብቻ ናት።

ነገር ግን ገጹ በከፈትነው ቁጥር ስማችንንና የይለፍ ቃላችንን ይጠይቀናል። አንድ ቀን ተናደድኩ።

"አንቺ ልጅ፣ ይህ ነገርሽ ትናንት ስሜን ነገርኩት። ዛሬም ማን ነሽ ይለኛል!"

"ለደኅንነት ነው እምዬ። ሌላ ሰው በስምሽ እንዳይገባ።"

"እኔ ቤት እንጀራ የቆረሰ ሰው ተመልሶ ሲመጣ፣ ማን ነህ ብዬ በር ላይ ባቆመው ምን ይለኛል?"

"ሰደበችኝ ይላል።"

"እንግዲያስ ገጽሽን ሥርዓት አስተምሪው!"

ከት ብላ ሳቀች። ሳቀችና እንዳልኳት አደረገች። አንዴ ስሙን የተናገረ ስልክ ዕድሜ ልኩን እንዳይጠየቅ አድርጋ ሠራችው። ከገጹ መውጫ የሆነውንም ምልክት አነሳችው፤ እኛ አሮጊቶቹ ሳናውቅ እየነካነው፣ ተዘጋብን ብለን እየደወልን አስቸገርናታ። ከዚያ ወዲህ ሁላችን መረቅናት። እኔም በየደረስኩበት "ተመስገን" ብዬ አረንጓዴዋን መንካት እንደ ማማተብ ለመደብኝ።

ማስተዋል አግብታ ነበር። ባሏ አንማው ቢቸና ጣውላ ይሸጣል። ፊት ለፊት ሲያዩት ጨዋ ነው፤ ለሽማግሌ ከወንበሩ ይነሳል። ቤቱ ሲገባ ግን ሌላ ሰው ነው። አንድ እሑድ ልጄ በነጠላዋ አፏን ሸፍና መጣች። ነጠላው ቀይ ነበር። እጇን ስትዘረጋ መዳፏ ላይ ሁለት ጥርሶቿ ነበሩ።

"አልመለስም እምዬ" አለች። ሌላ አልተናገረችም፤ መንጋጋዋ አላስቻላትም።

ሽማግሌ ተቀመጠ። አልመለስም ባለችው ጸናች። አንማውም "እንግዲያስ ሁለተኛ አልደርስባትም" ብሎ ማለ። የእኛ ቤት ልማድ ደግሞ አለ። ከባሏ የምትለይ ሴት የእሱ የሆነውን ሁሉ በሽማግሌ ፊት ትመልሳለች፤ ነገ "ንብረቴን ይዛ ሄደች" እንዳይላት።

"እሱ የገዛልሽ ምን ምን አለ?" አልኳት።

"ልብስ... ሐብሉ... ስልኩ።"

"ሁሉንም መልሺ።"

"ስልኩንም?"

"ስልኩንማ አስቀድሚ! በእሱ ስልክ ስታወሪ በእሱ አፍ ማውራትሽ ነው።"

ሽማግሌዎቹ ለመሄድ ተነስተው ቆመዋል። እሷ በችኮላ ፎቶዎቿን አጠፋች፤ የገጹንም ምስል ከስልኩ ፊት ላይ አነሳች፤ ሰጠች። በማግስቱ እኔ በገዛሁላት ስልክ ገብታ የይለፍ ቃሏን ቀየረች።

"ቁልፉን ቀይሬዋለሁ" አለችኝ። "ከእንግዲህ አይገባም።"

ሳምንት ሳይሞላ አንማው ጠጅ ቤት ተቀምጦ "በእግሯ ካልመጣች በቃሬዛ አመጣታለሁ" ማለቱን ሰማን። በነጋታው ጎህ ሲቀድ ከቢቸና ወጣን።

ወዳጄ እማሆይ ዘርፌ ሞጣ ናቸው፤ ከቤተ ክርስቲያን አጥር ጥግ ባለች ጎጆ ይኖራሉ። አብረን ውሃ ቀድተን፣ በአንድ ቀዳዳ አጮልቀን ያደግን ነን። ከመነኮሱ ወዲህ እኔ አንቱ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ግን ያው "አንቺ እታገኝ" ነው የሚሉኝ። ደወልኩላቸው። ግንደወይን ያለችውን ክፍል በስልክ ያገኙልን እሳቸው ናቸው። የት እንዳለን ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ክፍሏ ገብተን በሩን ዘጋሁ። "ተመስገን" አልኩ። አረንጓዴዋንም ነካሁ።

በማግስቱ ነው በሩ የወደቀብኝ።

ከበሩ ሥር ሆኜ የማየው እግሩን ብቻ ነበር። ማስተዋልን በጸጉሯ ይዞ ሲጎትታት ተረከዟ መሬቱን ሲቧጥጥ አያለሁ። "የማላገኝሽ መስሎሽ ነው? የማላገኝሽ?" ይላል። በሌላ እጁ የመጥረቢያ እጀታ ይዟል። አንዴ ጀርባዋን መታት። ሁለተኛ ሲያነሳ እጇ ጥግ የቆመውን ዘነዘና አገኘ። ጉልበቱ ላይ አሳረፈችበት። እንደ በሬ አጓርቶ ወደቀ፤ ሲወድቅም በሩ ከእኔ ላይ ተንሸራተተ።

"እምዬ ተነሽ! ተነሽ!"

ሮጥን። እኔ በዚህ ዕድሜዬ የተሰበረ እጄን አቅፌ ሮጥኩ። ጫማዬ አንዱ እዚያው ቀረ። ሊነሳ ሲል የነበረ የሞጣ መኪና ላይ ወጣን።

መኪናው ውስጥ ማስተዋል ጆሮዬ ሥር "ማን ነገረው እምዬ?" አለች።

 የማስበውን ስም መጥራት ፈራሁ።

ሞጣ ስንደርስ እማሆይ ዘርፌ መናኸሪያ ድረስ መጥተው ጠበቁን። እጄን በጨርቅ አሰሩልኝ፤ ከአንድ ወፍጮ ቤት ጀርባ ሌላ ክፍል ፈልገው አስገቡን። "እዚህ ማንም አያገኛችሁም" አሉ። እኔ ዐይን ዐይናቸውን አየሁ። እሳቸው ሲሄዱ በሩን በሣጥን ደገፍኩት። በቀኝ እጄ ስልኬን አወጣሁ፤ "ተመስገን" አልኩ፤ ነካሁ።

በሦስተኛው ቀን ማስተዋል ቦኖ ውሃ ልትቀዳ ወጣች። ከወፍጮ ቤቱ ሠላሳ እርምጃ አይሆንም። ጩኸት ሰምቼ ስወጣ ጀሪካኗ መሬት ላይ ይንከባለላል፤ ውሃው ቀይ ሆኖ ይፈሳል። አንማው አሁን የያዘው እጀታ ብቻ አልነበረም፤ ብረቱ ገብቶበታል። በመጥረቢያው ጀርባ ጭንቅላቷን መቷታል፤ በስለቱ ትከሻዋን ከፍቷታል። እሷ ተንበርክካ ባዶ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ነበር። ውሃ ይጠብቁ የነበሩ ሴቶች ድንጋይ አወረዱበት። አንዱ ድንጋይ ግንባሩን አገኘውና ደሙን እየጠረገ፣ እያነከሰ፣ በሁለት ቤቶች መካከል ገብቶ ጠፋ።

ሐኪም ቤት ትከሻዋን ሦስት ቦታ ሰፏት፤ የእኔንም ስብራት በእንጨት ሰሌዳ አሰሩት። ፖሊስ መጥቶ ጠየቀን። "ዳግመኛ ሲመጣ ደውሉ" አለን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ሲመጣ መደወያ ጊዜ ያለ ይመስል።

ያን ጊዜ ውስጤ የነበረው ነገር ሞልቶ ፈሰሰ። ክፍሎቹን ያገኙልን እሳቸው፤ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ አልኩ። ምርኩዜን ይዤ ወጣሁ።

እማሆይ ዘርፌ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ሰው መካከል ነበሩ። ጸሎት ተፈጽሞ ሕዝቡ እየወጣ ነው። ሲያዩኝ ወደ እኔ መጡ።

"እታገኝ፣ ምነው እንዲህ ሆንሽ?"

"ለማን ነገሩ?" አልኳቸው።

"ምኑን?"

"የተኛንበትን! ለዚያ ነፍሰ ገዳይ ማን ነገረው? ከእርስዎ በቀር ማን ያውቃል? ቆብ ደፍተው ልጄን ሸጡብኝ!"

ሰው ቆመ። እሳቸው አፋቸውን ከፈቱ፤ ምን ሊሉ እንደነበር አላውቅም፤ አላስጨረስኳቸውምና። ምርኩዜን አነሳሁ። እኔ፣ ዶሮ ሲታረድ ፊቴን የማዞር ሴት፣ ያን መነኩሲት ግንባራቸውን መታሁ። ቆቡ ወደ ኋላ ወደቀ። ደሙ በቅንድባቸው ላይ ወረደ፤ በእጃቸው ነክተው አዩት።

ከዚያ ያሉኝ ቃል ይህ ብቻ ነው።

"ልጅቱ በሕይወት አለች?"

 ሰው ይዞ ገፈተረኝ፤ አንዱ "አሮጊቷ አብዳለች" አለ። ሄድኩ። በመንገዴ ሁሉ ልክ ነኝ፣ ልክ ነኝ እላለሁ።

ሐኪም ቤት ተመልሼ ከማስተዋል አልጋ ጎን ተቀመጥኩ። ምን እንዳደረግሁ አልነገርኳትም። እሷ በደህናው እጇ ስልኳን ይዛለች። እኔም ድካሙ ሲጫነኝ፣ ልማድ ነውና፣ ስልኬን አወጣሁ። "ተመስገን" አልኩ። ነካሁ።

ማስተዋል ድንገት ቀጥ አለች።

"እምዬ፣ አሁን ምን ነካሽ?"

"ያቺን ነዋ፤ ደርሻለሁን።"

ስልኳን አዞረችልኝ። ሴቶቻችን በስም ተደርድረዋል። ገጹን የከፈተ ሰው ስሙ አጠገብ ትንሽ ነጥብ ትበራለታለች። በእኔ ስም አጠገብ በርታለች። በእሷ ስም አጠገብ ሁለት በርተዋል።

"አንዷ እኔ ነኝ" አለች። "ሁለተኛዋ ማናት?"

ሁለታችንም አየናት። ያቺ ነጥብ የምትተነፍስ መሰለኝ።

"የመለስኩት ስልክ ነው" አለች። "አንማው ነው። ይኸው እያየን ነው።"

"ቁልፉን ቀይሬዋለሁ ብለሽኝ አልነበረም?"

አለቀሰች። ትከሻዋ ስለተሰፋ በደንብ ማልቀስ እንኳ አልቻለችም። ከዚያ በሚገባኝ ቋንቋ አስረዳችኝ፤ እኔም እንደገባኝ ልንገራችሁ።

ወፍጮ ቤት እህል ስትሰጡ ባለወፍጮው ቁጥር የተጻፈባት ቆርቆሮ ይሰጣችኋል። ዱቄቱን ስትወስዱ ስማችሁን አይጠይቅም፤ ቆርቆሮዋን ያያል፣ ከመዝገቡ ያስተያያል፣ ይሰጣል። ገጹም እንዲሁ ነው። አንዴ የይለፍ ቃል የነገረውን ስልክ ቆርቆሮ ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ የሚያየው ቆርቆሮዋን ነው። እሷ የይለፍ ቃሏን ስትቀይር ቀድሞ የታደሉት ቆርቆሮዎች ሁሉ ከመዝገቡ መሰረዝ ነበረባቸው። ያንን አልጻፈችም። የገጹን ምስል ከስልኩ ፊት ስታነሳም ቆርቆሮዋ እዚያው ኪሱ ውስጥ ነበረች።

"ለምን አልጻፍሽውም?" አልኳት።

ቀስ ብላ አየችኝ። "አንዴ የገባ ሰው ሁለተኛ አይጠየቅ ስላልሽኝ፣ ዕድሜ እንዳይኖረው አድርጌ ሠራሁት እምዬ። መውጫውንም አነሳሁት።"

እንግዲህ ስሙት። ሥርዓት አስተምሪው ያልኩት እኔ። ስልኩን መልሺ ያልኩት እኔ። በገባንበት ሁሉ "ተመስገን" እያልኩ ነፍሰ ገዳዩን የጠራሁት እኔ። ደሙ ደግሞ በእማሆይ ግንባር ላይ።

ማስተዋል ጣቷን ወደ ስልኩ ሰደደች። "አሁኑኑ ከመዝገቡ እሰርዘዋለሁ።"

እጇን ያዝኳት። "ቆይ። ብትሰርዢው በሩ ይዘጋል፤ እሱ ግን ከደጅ ነው የሚቀረው። መጥረቢያውን ይዞ። ነገ በሌላ መንገድ ይመጣል።"

"ታዲያ ምን ይሁን?"

"አንድ ጊዜ ደግሜ ልጥራው።"

ፖሊስ ጣቢያ አንዲት ሴት ፖሊስ ሰማችኝ። "እማማ፣ እንደሚመጣ በምን ያውቃሉ?" አለች።

"እኔ ነኛ የምጠራው።"

በአራተኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ተቀመጥኩ። ማስተዋል፣ ደጇ ላይ ፖሊስ ቆሞላት፣ ከአልጋዋ ሆና ነጥቧን ትጠብቃለች። ፖሊሷና ሁለት ባልደረቦቿ ከጆንያዎቹ ክምር ጀርባ ተጎንብሰዋል። ወፍጮው እንደ ልማዱ ይሠራል፤ ጸጥ ቢል ይጠረጥራል። ድምፁ ግን ጆሮ ይበጥሳል፣ ብጮህ ማንም አይሰማኝም። ስለዚህ የተስማማንበት ምልክት ይህ ነው፦ መጥረቢያውን ሲያዩ ነጠላዎን ከራስዎ ያውርዱ፣ ያኔ እንወጣለን። አጠገቤ አንድ ጆንያ በማስተዋል ጋቢ ሸፍነን ሰው አስመሰልነው።

ስልኬን አወጣሁ። በዚያች ቀን "ተመስገን" ማለት አልቻልኩም። "አንተው ታውቃለህ" አልኩ። ነካሁ።

ወዲያው ስልኬ ተንቀጠቀጠ። ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት።

"አይቶሻል እምዬ" አለች ማስተዋል። "ነጥቧ በርታለች።"

ሩብ ሰዓት አልሞላም፤ በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። አንማው እያነከሰ ገባ። ዱቄቱ ቅንድቡ ላይ እስኪያርፍ ቆሞ አየኝ፤ ከዚያ ጋቢውን አየ። ሳቀ። እጄን ወደ ነጠላዬ ሳነሳ ደርሶ ያዘኝ። ደህናዋን እጄን! ግራው በሰሌዳ ታስሯል።

ፊቱን ጆሮዬ ሥር አድርጎ ጮኸ። "እኔን ማን የመራኝ ይመስልሻል፣ አንቺ አሮጊት? አንቺው ነሽ! በሄድሽበት ሁሉ ደርሻለሁ፣ ደርሻለሁ ትይኛለሽ!" ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ፊቴ ላይ አወዛወዘው። የመለስነው ስልክ ነበር። ጥግዋ የተሰነጠቀች፣ አውቃታለሁ።

"አውቃለሁ" አልኩት። አልሰማኝም።

ስልኩን ጥሎ እሱ ራሱ ከለበሰው ጋቢ ሥር መጥረቢያውን መዘዘ። ጆንያው ላይ አወረደው። ሁለቴ። ሦስቴ። በዚያ አወራረዱ ለሰው እንጂ ለጆንያ እንዳልሆነ ዐይኔ አየ፤ ያ ሁሉ ለልጄ አንገት የታሰበ ነበር። ዱቄቱ እንደ ደም ተፈናጠረ። እጄን አልለቀቀም። ዱቄት መሆኑን ሲያይ ወደ እኔ ዞረ። መጥረቢያው ሲነሳ አየሁት።

እጅ የለኝም። ነጠላዬን በጥርሴ ነክሼ ጎተትኩት።

ብረቱ ሲወርድ ጆንያዎቹ ተናዱ። የፖሊሷ ትከሻ ወገቡን አገኘው፤ ስለቱ ከጆሮዬ ጣት የማታህል ርቀት አልፎ ከጎኔ ባለው ምሰሶ ውስጥ ተቀረቀረ። በዱቄቱ ጉም ውስጥ አራት ሰው ሲታገል የሚታየኝ እጅና እግር ብቻ ነው። አንዱን ፖሊስ ክንዱን ነከሰው፤ ሥጋው ተነስቶ ነበር። ባለወፍጮው ሞተሩን ሲያጠፋ ዓለም ጸጥ አለች። በዚያ ጸጥታ ውስጥ የተሰማው የካቴናው ድምፅ ነው።

ስልኬ እግሬ ሥር ይጮሃል። "እምዬ! እምዬ! አለሽ?"

"አለሁ" አልኳት። "ሰርዥው።"

"አንቺው ነሽ የምትሰርዥው። ሐኪም ቤት ነይ።"

ሄድኩ። መዝገቡን ከፍታ ጠበቀችኝ። ጣቴ ዱቄት ነበር፤ በቀሚሴ ጠረግሁት። ነካሁ። ከስሟ አጠገብ ሁለተኛዋ ነጥብ ጠፋች። እንደ ሻማ ነው የጠፋችው። ከዚያ ማስተዋል የሁላችንንም ቆርቆሮ ሰረዘች፣ የአንዳችንንም ሳታስቀር።

በማግስቱ ከየገበያው ስልክ ጎረፈ። "እታገኝ፣ ልጅሽ ምን ነካት? ያ ነገር ስሜን ጠየቀኝ እኮ!"

"ንገሪዋ" አልኩ። "ስም የለሽም እንዴ?"

አንማው ተፈርዶበት ታስሯል። ማስተዋል ትከሻዋ ብርድ ሲነካው ያማታል፤ ሥራዋን ግን አልተወችም። ገጿን አፍርሳ ሠራችው። አሁን ቆርቆሮዋ ዕድሜ አላት፤ ቀኗ ሲደርስ ትሞታለች። የይለፍ ቃል ሲቀየር ሁሉም ይሰረዛሉ። መውጫው ከላይ በትልቁ ተጽፏል፤ የወጣ ሰው ከስልኩ ብቻ ሳይሆን ከመዝገቡም ይወጣል። በስሜ የገቡት ስልኮች የትኞቹ እንደሆኑም ይነግረኛል፤ ጠዋት ጠዋት አየዋለሁ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከእኔ የተሻለ የተማራችሁ ናችሁ። ቢሆንም አንዲት ነገር ልለምናችሁ። በሰው ስልክ፣ በሰው ኮምፒውተር የገባችሁበት ነገር ካለ፣ መስኮቱን ስለዘጋችሁ ወጣሁ አትበሉ። ለሰው የመለሳችሁት፣ የሸጣችሁት፣ የጠፋባችሁ ስልክ ኪሱ ውስጥ የእናንተን ቆርቆሮ ይዞ ይዞር ይሆናል። ደግሞም እጃችሁ ለሰው ግንባር ከመነሳቱ በፊት፣ ጣታችሁ ምን ሲነካ እንደከረመ ጠይቁ። እኔ ሳልጠይቅ ነው የመታሁት።

እጄ ሰሌዳው ሳይፈታ ወደ እማሆይ ዘርፌ ሄድኩ። ከወንዝ ዳር ድንጋይ አስነሳሁ፤ ማጀራቴ ላይ አስጫንኩ። በደለኛ እንደዚህ ነው በአገራችን የሚቀርበው። አጎንብሼ፣ መሬት መሬቱን እያየሁ፣ በመታኋቸው ዕለት የቆሙት ሰዎች እያዩኝ፣ ጎጆዋ በር ደረስኩ። እንደ ድሮው ገፍቼ ልገባ ስል በሩ ከውስጥ በገመድ ታስሮ እምቢ አለ።

"ማነው?" አሉ ከውስጥ።

በስድሳ ዓመት ወዳጅነታችን ጠይቀውኝ አያውቁም። ሳሌን ይለያሉ፣ ኮቴዬን ይለያሉ። ድንጋዩ አንገቴን እየተጫነኝ ቆምኩ።

"እታገኝ ነኝ" አልኩ። "የመታሁዎት።"

በሩ ተከፈተ። እግራቸውን ነው የማየው። 

"የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል" አሉ። "እኔም አልረሳሁም፤ ብረሳ ውሸት ይሆናል። ይቅር ግን ብዬሻለሁ።" ድንጋዩን ለማውረድ ለሁለታችን ሦስት እጅ ብቻ ነበረን። "ወዴት ልጣለው?" ስላቸው፣ "ለምን ትጥይዋለሽ? ይኸ በር መደገፊያ አጥቶ ሲያስቸግረኝ ነው የከረመው" አሉ።

አሁንም ሞጣ በሄድኩ ቁጥር እሳቸው ዘንድ ነው የማድረው። በሩን እመታለሁ። ሳሌን ሰምተው፣ እኔ መሆኔን ፈጽመው እያወቁ፣ "ማነው?" ይላሉ።

"እታገኝ ነኝ" እላለሁ።

ከዚያ እዚያው ቆሜ፣ የተሸከምኩት ድንጋይ ከበሩ ኋላ እየተጎተተ ሲነሳ እሰማለሁ።